በመዶሻ የማይወጣው ኩሽኔታ

የሞዴል ሄሊኮፕተር ሞተር መቀየር ነገሩ ከቀና የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የያዙት ብሎኖች ይፈታሉ፤ የነዳጅ ጎማው ይነቀላል፤ ማራገቢያውና ፍሪሲዮኑ ከአሮጌው ወርደው አዲሱ ላይ ይታሰራሉ። ሥራው የሚበላሸው አሮጌውን ለማደስ ሲፈታ አንድ ኩሽኔታ ንቅንቅ አልልም ሲል ነው። ያኔ እጅ ወደ መዶሻ ይሄዳል፤ ብዙ ደህና ሞተርም የሚሞተው በዚያች ቅጽበት ነው።

ኩሽኔታን ለአዲስ አበባ ልጅ ማስተዋወቅ ሳያስቅ አይቀርም። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ከጋራዥ የተጣለውን ለምኖ፣ ከሳንቃ ሥር ገጥሞ፣ አስፋልቱን እያንጫጫ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት የብረት ቀለበት፣ በመካከላቸው የሚንከባለሉ ኳሶች፤ በቃ። የሄሊኮፕተሩ ሞተር ውስጥ ክራንክ ሻፍቱን የተሸከሙ ሁለት አሉ፤ ትንሹ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ። አብራሪዎቹ «50» የሚሉት ሞተር ስሙን ያገኘው ከግማሽ ኪዩቢክ ኢንች መጠኑ ሲሆን፣ በእኛ ልኬት 8 ሲሲ ገደማ ነው። ይህች ጡጫ የምታህል ነገር በደቂቃ 16,000 ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ በሴኮንድ ከ260 በላይ ማለት ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ኩሽኔታውን የሚጎዳው ዝገት ነው። ነዳጁ የሜታኖል፣ የናይትሮሜቴንና የዘይት ቅልቅል ነው። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ማታ ሞተሩ ውስጥ የቀረው ትርፍራፊ ኳሶቹን ሲያዝግ ይሰነብታል። በጣት ሲያዞሩት አሸዋ እንደገባበት የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው። ዘይቱ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉሎ አለበት፤ ያው ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ። ምጣድ ላይ እየተቃጠለ እንደሚጋገረው ሁሉ ሞተሩም ውስጥ እንደ ቫርኒሽ ይደርቅና ኩሽኔታውን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል። ቀድሞውኑም መቀመጫው ሲሠራ ኩሽኔታውን አንቆ እንዲይዝ ተደርጎ ነው።

ማስለቀቂያው ያለው በሁለቱ ብረቶች ጠባይ ላይ ነው። የሞተሩ ብሎክ አሉሚኒየም፣ ኩሽኔታው ስቲል ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከስቲል እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 26 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ ከ20 ወደ 150 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አብሮት ከሞቀው ኩሽኔታ የሚሊ ሜትር 4 መቶኛ ያህል በልጦ ይሰፋል። የፀጉር ውፍረት ግማሽ ብትሆን ነው፤ ግን ትበቃለች።

ስለዚህ ቴስታታው፣ ካርቡሬተሩ፣ የኋላ ክዳኑ፣ ፒስተኑና ክራንክ ሻፍቱ ይወጣሉ፤ የጎማ ቀለበቶቹም ይነቀላሉ። ባዶው ብሎክ ታጥቦ ጥሩ አድርጎ ይደርቃል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ የሜታኖል ትነት ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ከዚያ 150 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆያል። በጋዝ ነበልባል የሚያሞቁ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ብረት ሲግል ቀልቶ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ግን ሳይቀላ ድንገት ይፈሳል።

ብሎኩ በወፍራም ጓንት ይያዝና አፉ ወደ ታች ተደርጎ ደረቅ ጣውላ ላይ ጠፍ ይደረጋል። የኋላው ኩሽኔታ «ቷ» ብሎ ይወድቃል። ካልወደቀ ተመልሶ ወደ ኦቨን፤ ጉልበት መጨመር የለም። የፊተኛውን ከውስጥ በኩል በእንጨት ዘንግ ገፋ ማድረግ ነው።

ጀርባው በተዘጋ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ኩሽኔታ ግን ከኋላ የሚገፋበት ቦታ ስለሌለ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። መካኒኮች የመሀል ቀዳዳውን ግራሶ ሞልተው፣ በልኩ የሆነ ዘንግ አስገብተው ይመቱታል፤ ግራሶው መሄጃ ሲያጣ በጀርባ ዞሮ ኩሽኔታውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ኳሶቹ ያልተሸፈኑ ከሆነ ግራሶው በመካከላቸው ያመልጣል፤ ያኔ ረጠብ ያለ ዳቦ ይሻላል። አልቀለድኩም፣ እየጠቀጠቁ መምታት ነው። ዘንጉ ከላላ ግን ዳቦው በጎኑ ተስፈንጥሮ ፊት ላይ ይለጠፋል።

የወጣው ኩሽኔታ ቀለበት ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ አዲሱ በዚያ ይገዛል። ለምሳሌ 608 የተጻፈበት የትም አገር ይሠራ፣ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ በረዶ ቤት ያድራል፣ ብሎኩ እንደገና ይሞቃል፣ ቀዝቃዛው ሙቁ ውስጥ ያለ መዶሻ ይገባል። ሙቀቱ ቶሎ ስለሚጋባበት ማመንታት አይቻልም፤ አጋድሎ የገባ እዚያው ይነክሳል። መግፋት ግድ ከሆነም የሚገፋው የውጪው ቀለበት ብቻ ነው። የውስጡ ከተመታ ምቱ በኳሶቹ አልፎ መንከባለያቸውን ይሰረጉደዋል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ሳይበር አረጀ ማለት ነው።

ለከርሞው ደግሞ፣ የዕለቱ መጨረሻ በረራ ሲያበቃ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የነዳጅ ጎማውን ቆንጥጡና ያለውን ጨርሶ ይጥፋ፤ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምራችሁም በእጅ አዙሩት። ኦቨኑ የቤቱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ የተቃጠለ ጉሎ ሽታው እስከ ማግሥቱ አይለቅም።