ተጨማሪ መረጃ፦ የመታጠቢያ ቤት ወለል አመራረጥ

መታጠቢያ ቤት ውሃና ሳሙና ዘወትር የሚፈስበት፣ ሕፃናትና አረጋውያንም በባዶ እግራቸው የሚመላለሱበት ስፍራ እንደ መሆኑ መጠን፣ የወለሉን ንጣፍ የሚመርጥ ሰው ከመልኩና ከኅብረ ቀለሙ አስቀድሞ አለማዳለጡንና ውሃ አለመምጠጡን ሊመረምር ይገባዋል።

ፖርሰሊን በብርቱ እሳት ተተኩሶ እጅግ የጠጠረ በመሆኑ፣ በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ ስለማይበልጥ፣ ለርጥብ ስፍራ ከተራው ሴራሚክ ይልቅ የተመረጠ ነው፤ ገዢውም በንጣፉ ጀርባ ጥቂት የውሃ ጠብታ አኑሮ፣ ጠብታው ፈጥኖ ቢሰርግ ንጣፉ ውሃ መጣጭ መሆኑን ይረዳል። እብነ በረድ ምንም እንኳ ግርማ ቢኖረው፣ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ፊቱ ይበላል፤ የተወለወለው ደግሞ ሲረጥብ ያዳልጣል።

ማዳለጥን በሚመለከት፣ የጀርመን መስፈርት በሳሙና ውሃ በረጠበ ተዳፋት ላይ ሰው በባዶ እግሩ እንዲራመድ በማድረግ ንጣፎችን ፈትኖ ኤ፣ ቢ እና ሲ በተባሉ ሦስት ማዕርጋት ይመድባቸዋል፤ ለገላ መታጠቢያ የሚስማማው ቢ ሲሆን፣ ሲ ከሁሉ ይልቅ እግርን የሚይዝ ነው። ትናንሽ ንጣፎችም መጋጠሚያቸው ብዙ ስለ ሆነ እርምጃን ያጸናሉ።

ይሁን እንጂ ንጣፉ የቱን ያህል ቢከብር፣ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ልባስ ካልተቀባ፣ ገላ በሚታጠቡበትም በኩል በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውሃ መውረጃው ካላዘነበለ፣ እርጥበት በየመጋጠሚያው ሰርጎ ወለሉንና ግድግዳውን ማበላሸቱ አይቀርም።