እስፖርት ለኮሌጅ ወጪ ነውን ወይስ ገቢ?

በአሜሪካ የሚገኙ ትናንሽ ኮሌጆች ለእስፖርት የሚያወጡት ገንዘብ ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ኮሌጆችን በምሳሌነት እንመልከት።

በአትላንታ ያለው የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ስፔልማን፣ ከ2,000 በላይ ከሆኑት ተማሪዎቹ መካከል ለውድድር የሚሰለፉት 80 ያህል ብቻ ሆነው ሳሉ፣ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ይመድብ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ውድድሩን ትቶ ገንዘቡን ለተማሪዎቹ ሁሉ ጤንነት አዋለው። ለነዚያ 80 ተጫዋቾች ግን ነገሩ ሳያሳዝናቸው አልቀረም።

በሚሺጋን የሚገኘው አድሪያን ኮሌጅ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹ ከ1,000 በታች ቢሆኑበት፣ ስታዲየምና የበረዶ ላይ መጫወቻ ሠርቶ አዳዲስ ቡድኖች አቋቋመ፤ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚያመጣውንም ተማሪ ቁጥር ወሰነለት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተማሪዎቹ ቁጥር ዕጥፍ ያህል ሆነ።

ምሥጢሩ ወዲህ ነው። ሁለቱ ኮሌጆች በተሰለፉበት በሦስተኛው ምድብ፣ ተጫዋች ስለ ጨዋታው ብቻ ነፃ ትምህርት አያገኝም፤ ስለዚህ ለጨዋታው ሲል የመጣ ተማሪ ከፋይ ነው። ስፔልማን ግን አመልካች አልቸገረውም። በሌላ በኩል ኮሌጁ ተማሪ ለመሳብ የክፍያ ቅናሽ ካበዛ ትርፉ ይቀልጣል።

እንግዲህ ቡድን የሚያቋቁም ኮሌጅ «ስንት ዋንጫ እናገኛለን?» ከማለቱ በፊት፣ «ቡድኑ ባይኖር የሚቀርብን ተማሪ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል እንላለን።