ፖስትዶክ ፍለጋ ለደላላ ብር አትክፈሉ

ዛሬ ከበሽታ ወሬ ወጣ ብለን፣ ጀማሪ ሐኪሞች በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ላስረዳ። ፖስትዶክ ማለት ከዶክትሬት በኋላ በአንድ ተመራማሪ ስር ለጥቂት ዓመታት እየተከፈላችሁ የምትሠሩት የምርምር ሥልጠና ነው።

"ኤምዲ ብቻ ነው ያለኝ፣ ይቻላል?" እንደ ቦታው ነው። የአሜሪካው ኤንአይኤች በራሱ ላቦራቶሪዎች ለውጭ ዜጎች ባለው የቪዚቲንግ ፌሎው ፕሮግራም ኤምዲንም ይቀበላል፤ ከዶክትሬት በኋላ ያላችሁ የምርምር ልምድ ግን ከ5 ዓመት መብለጥ የለበትም። የአውሮፓው ማሪ ኪዩሪ ፒኤችዲ ይፈልጋል።

ብዙው ቦታ የሚገኘው ለላቦራቶሪው ኃላፊ በቀጥታ ኢሜይል በመጻፍ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለ50 ሰው ብትልኩ ማንም አይመልስላችሁም (እኔም ብሆን አልመልስም)። መጀመሪያ የሰውየውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ፐብሜድ ላይ አንብቡ። ከዚያ የትኛው ጥያቄ እንደሳባችሁና እናንተ ምን መሥራት እንደምትችሉ በአጭሩ ጻፉ፤ ሲቪያችሁንና ስለ ሥራችሁ የሚመሰክሩ 3 ሰዎችን ስም አያይዙ። ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ አንዴ አስታውሷቸው።

ደሞ ልብ በሉ፣ ከፋዮቹ እነሱ ናቸው። "ቦታውን ላስይዝላችሁ፣ ቅድሚያ ብር አስገቡ" የሚል ሰው በቴሌግራም ከመጣ ብሎክ አድርጉት።