ጦርነት ከልጅ እጅ የሚነጥቀው

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ጦርነትን የሚያውጁትም፣ የሚመሩትም፣ በመጨረሻም ታሪኩን የሚጽፉት ዐዋቂዎች ናቸው፤ ቤት ሲፈርስ፣ አባት ሲታሰር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ምክንያቱ ሳይነገረው ዕዳውን የሚከፍለው ልጅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንዳንድ የአውሮፓ ደራሲዎች ይህን ተመልክተው፣ ጦርነቱን በጄኔራሎች ዓይን ሳይሆን በልጅ ዓይን እያዩ ለወጣቶች የሚሆን ልብ ወለድ ታሪክ ጽፈዋል። እኛም ዛሬ ከእነዚህ መጻሕፍት አራቱን አንሥተን፣ የልጅነት የዋህነት በጦርነት ጊዜ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ይህንንም ለወጣት አንባቢ እንዴት መንገር እንደሚገባ ጥቂት ለመነጋገር እንወዳለን። የመጻሕፍቱን ዓመታት የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው እንግሊዛዊው መምህርና ባለቅኔ ኢያን ሴራይየር በ1956 ያሳተመው «የብር ጎራዴ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የሚነሣው በጀርመን ጦር ከተያዘችው ከዋርሶ ከተማ ነው። አንድ የትምህርት ቤት ዲሬክተር በክፍል ውስጥ የተሰቀለውን የሂትለርን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ በማዞሩ ተይዞ ይታሰራል። ቀጥሎም እናትየው ትወሰዳለች። ሦስቱ ልጆች፣ ሩት፣ ኤዴክና ብሮንያ፣ በጣሪያ ላይ ሲያመልጡ ቤታቸው በስተኋላቸው በፈንጂ ይፈርሳል። በኋላም ጃን ከሚባል ወላጅ አልባ ልጅ ጋር ሆነው ወላጆቻቸውን ፍለጋ ወደ ስዊስ አገር ይጓዛሉ። ጃን ንብረቱ አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቻ ናት፤ በውስጧ የወረቀት መቁረጫ የሆነች ትንሽ የብር ጎራዴ አለች፤ ተስፋቸውም በእርሷ ላይ ነው።

በመጨረሻ ቤተሰቡ ይገናኛል። ደራሲው ግን «በደስታ ኖሩ» ብሎ አልዘጋውም። በመንገዱ ሁሉ ለታናናሾቿ እናት የነበረችው፣ ብልኋና ጠንካራዋ ሩት፣ እናቷን ካገኘች በኋላ እንደ ሕፃን ሆና ከቀሚሷ ሥር አልለይም ትላለች። ጃንም የለመደውን ስርቆት በአንድ ቀን ሊተው አልቻለም። በዚህ ደራሲው የሚነግረን ትልቅ ነገር አለ፤ ያለ ጊዜው የተወሰደ ልጅነት ተረስቶ አይቀርም፤ ሰላም ሲመጣ ተመልሶ ድርሻውን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጁዲት ኬር በ1971 ያሳተመችው «ሂትለር ሮዝ ጥንቸሌን የሰረቀ ጊዜ» የተባለው ነው። ደራሲዋ በ1923 በበርሊን ተወለደች፤ አባቷ አልፍሬድ ኬር የታወቀ የቴአትር ሐያሲና የናዚዎች ተቃዋሚ ስለ ነበር፣ ቤተሰቡ በ1933 ከጀርመን ሸሽቶ በስዊስና በፈረንሳይ አድርጎ በ1936 ለንደን ገባ። በመጽሐፉ ውስጥ የዘጠኝ ዓመቷ አና ከቤት ስትወጣ አንድ መጫወቻ ብቻ እንድትይዝ ይፈቀድላታል። ቶሎ የምንመለስ መስሏት አዲሱን የጨርቅ ውሻ ይዛ የቆየውን ሮዝ ጥንቸል ትተዋለች። ናዚዎች የቤቱን ዕቃ ሁሉ ይወርሳሉ፤ አና ደግሞ ሂትለር በእርሷ ጥንቸል ሲጫወት ይታያታል። በአባቷ ራስ ላይ ዋጋ ተቆረጠ የሚል ወሬ ስትሰማም፣ ገንዘብ እንደ ዝናብ በራሱ ላይ ሲወርድበት እያሰበች ትፈራለች።

አንባቢ በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዩሊየስ የሚባል የቤተሰቡ ወዳጅ አለ፤ እንስሳትን መጎብኘት ዋና ደስታው ነበር። በዘር ምክንያት ከሥራው ተባርሮ፣ በመጨረሻም የእንስሳቱ መጠበቂያ መግቢያ ፈቃዱ ሲነጠቅ፣ የገዛ ሕይወቱን ያጠፋል። የአና ዕውቀት ትንሽ ነው፤ የምታየው ግን እውነት ነው። ደራሲዋ በልጅ ልክ ነገረችን እንጂ አላታለለችንም።

ሦስተኛው የሮበርት ዌስቶል «መትረየስ ተኳሾቹ» ነው፤ በ1975 ታትሞ በእንግሊዝ አገር ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳይ አግኝቷል። ቻስ ማክጊል የተባለ ልጅ ከወደቀ የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መትረየስ ፈትቶ ይሰርቃል፤ ከጓደኞቹም ጋር ምሽግ ይሠራል። ሩዲ የሚባል ጀርመናዊ አየር ኃይለኛ በእጃቸው ወድቆ ምርኮኛቸው፣ ቀስ በቀስም ወዳጃቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ የጠላት ጦር ገባ የሚል ሐሰተኛ ወሬ በተነዛበት ቀን፣ በፍርሃት ውስጥ ከልጆቹ በተተኮሰ ጥይት ይመታል። ዌስቶል የሚያስተምረን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጦርነት የልጅን ንብረት ከውጭ ብቻ አይነጥቅም፤ ወደ ልቡም ገብቶ ጨዋታውን ወደ ግድያ ይለውጣል።

አራተኛው የአየርላንዱ ደራሲ ጆን ቦይን በ2006 ያወጣውና በዓለም ሁሉ የተነበበው «ባለ ዥንጉርጉሩ ፒጃማ ልጅ» ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ብሩኖ የአውሽቪትስ ማጎሪያ አዛዥ ልጅ ነው፤ በሽቦው ማዶ ካለው ከእስረኛው ሽሙኤል ጋር ይወዳጃል፤ በመጨረሻም አብረው ይሞታሉ። በጥር 2020 የአውሽቪትስ መታሰቢያ ሙዚየም፣ የእልቂቱን ታሪክ የሚማርና የሚያስተምር ሰው ይህን መጽሐፍ ቢርቀው ይሻላል ሲል በይፋ አሳሰበ።

ነገሩን ስንመረምር ትችቱ ከባድ ነው። የአይሁድ ጥላቻ በትምህርት ቤት ሳይቀር ይሰበክ በነበረበት አገር፣ የናዚ መኮንን ልጅ አይሁድ የሚለውን ቃል እንኳ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። ብሩኖ የሂትለርን የማዕረግ ስም አጣምሞ በእንግሊዝኛ «ቁጣ» በሚል ቃል ይጠራዋል፤ ልጁ ግን ጀርመናዊ ነው፤ በራሱ ቋንቋ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ከሁሉም በላይ፣ ወደ አውሽቪትስ ከተጋዙት 232,000 ያህል ልጆችና ወጣቶች የሚበዙት አይሁድ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በደረሱበት ቀን በጋዝ ተገደሉ። በሽቦ አጠገብ ተቀምጦ ለመጫወት ጊዜ ያገኘ ማን ነበር? አንባቢም በመጨረሻ የሚያለቅሰው ለአዛዡ ልጅ ነው፤ ሽሙኤል የብሩኖ ታሪክ ማሟያ ሆኖ ይቀራል።

ደራሲው መጽሐፉን «ተረት» ብሎ ሰይሞታልና ከታሪክ ምስክርነት አይጠበቅበትም የሚሉ አሉ፤ ብዙ ወጣቶችም ስለ እልቂቱ መጀመሪያ የሰሙት ከእርሱ ነው። ይህን አንክድም። ነገር ግን የመጀመሪያ በር ከሆነ፣ በሩ ወደ እውነት መክፈት ነበረበት። እኛ እንደሚመስለን የዋህነትና አለማወቅ አንድ አይደሉም። የዋህ ልጅ ያያል፣ ይጠይቃል፣ በራሱ መጠን ይረዳል፤ ምንም እንዳያይ ተደርጎ የተፈጠረ ልጅ ግን የደራሲው መሣሪያ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን፣ በየዋሻው የተደበቁ፣ ከወላጆቻቸው ጋር እስከ ኢየሩሳሌም የተሰደዱ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤታቸው ሲቃጠል ያዩ ልጆች ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው ዘጠና ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ነገ መምህርና ደራሲ የምትሆኑ ተማሪዎች፣ እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከእነርሱ አንዱን ብታገኙ ስንት ጠላት እንደ ወደቀ ብቻ አትጠይቁ። ከቤት ሲወጡ ምን ይዘው እንደ ወጡ፣ ምንስ ትተው እንደ ሄዱ ጠይቁና ጻፉት።