ሰባት ቤት ስንቈጥር

የዛሬ ወጣት የአባቱንና የአያቱን ስም አሳምሮ ይናገራል፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የቀድሞው ሰው እስከ ሰባት ቤት መቍጠር ግዴታው ነበረ። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ ሁለተኛው በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ርስት የሚገኘው ከመጀመሪያው ባለርስት፣ ከአቅኚው አባት፣ በመወለድ ስለ ነበረ ነው። ትውልዱም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ይቈጠር ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ግን የርስት ክርክር ቀረ፤ ከእርሱም ጋራ የትውልድ ቈጠራው ልማድ እየደከመ ሄደ።

እንግዲህ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? መንግሥት በመላ አገሪቱ ልደትንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ለቅድመ አያት የልደት ወረቀት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የመጀመሪያው መዝገብ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። እነርሱም ከወላጆቻቸው የሰሙትን ሲናገሩ ዘመኑን የሚያስታውሱት በደረሰው ነገር ነው። «በክፉ ቀን» ቢሉ ከ1880 እስከ 1884፣ «በዓድዋ ዘመቻ» ቢሉ 1888፣ «በኅዳር በሽታ» ቢሉ 1911 ዓ.ም. መሆኑን ጠያቂው ራሱ ያሰላል።

ቤተሰቡ ክርስቲያን ከሆነ ሁለተኛው ምንጭ የትውልድ ስፍራው ደብር ነው። በጎንደርና በሌላውም ስፍራ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ከነምስክሮቹ ስም በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሆኖም አንዱ ሰው በብዙ ስም ይጠራ ስለ ነበረ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ ሣህለ ማርያም የሚባል ስም ነበራቸው፤ የፈረስ ስማቸውም አባ ዳኘው ነበረ። ደግሞም ለርስት ሲባል በትውልድ ሐረግ ስም ይጨመርና ይቀነስ ስለ ነበረ፣ የአንዱን ወገን ቃል ከሌላው ወገን ጋራ ማመሳከር ይገባል።

ሂሳቡንም እናስተውል። ወላጆቻችንን አንድ ቤት ብለን ብንጀምር፣ በሰባተኛው ቤት 64 ወንዶችና 64 ሴቶች ይቆማሉ። የአባትን ሐረግ ብቻ የሚቈጥር ሰው ከእነዚህ ከ128ቱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ይህን ሥራ ለጡረታ ዘመኑ የሚያቈይ ሰው ምስክሮቹን አያገኛቸውም። ለመጪው በዓል አገር ቤት የሚገባ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ደብተርና እርሳስ ይያዝ፤ ከሁሉም አስቀድሞ ሴት አያቱን ስለ እናታቸው ይጠይቅ።