ስንቅና አገልግል፤ ለሽርሽር፣ ለማኅበርና ለተማሪ ቤት ስለሚሆን ቀላል ምግብ

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ከልብሱ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ምግቡ ነው። አባቶቻችን ለመንገድ የሚያዘውን ምግብ ስንቅ አሉት፤ ምግቡ የሚያዝበትን በቆዳ የተለበጠ የስፌት ዕቃ ደግሞ አገልግል ብለው ጠሩት። ሁለቱም ቃሎች እስከ ዛሬ በአፋችን ይኖራሉ፤ አማርኛ በመማር ላይ የሚገኙ ክቡራን አንባብያንም በየቤቱ ሲጋበዙ ደጋግመው የሚሰሟቸው ናቸው። በዛሬው ጊዜ ግን አገልግሉ ብዙውን ጊዜ በግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሎ ይታያል፤ በእርሱ ፈንታ የላስቲክ ዕቃ ገብቷል። የዕቃው መለወጥ ነውር አይደለም። የሚያሳስበን ከዕቃው ጋራ የባልትናው ጥበብም አብሮ ተሰቅሎ እንዳይቀር ነው። ይህን የምንለው ከሰው ሰምተን ሳይሆን በገዛ ቤታችን ከደረሰው ተምረን ነው።

በመናገሻ ደን የደረሰብን

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ ሦስት ቤተ ሰቦች ሆነን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለሽርሽር ወጣን። ይህ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተተከለ የሚነገርለት፣ ረጃጅም ጽዶች የቆሙበት፣ ልጆች ሮጠው የማይጠግቡት ስፍራ ነው። እኛም አብረውን በሚሄዱት ዘንድ እንዳናፍር ብለን ቅዳሜ ማታ የዶሮ ወጥ ሠራን። ድስቱን ከነሙቀቱ ከድነን አሳደርነው። ጧት ስንቸኩል እንደ ገና ሳናፈላው በላስቲክ ዕቃ ገልብጠን፣ ዐይቡንም ከጎኑ አድርገን፣ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀመጥነው።

ከእኛ ጋራ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ነበሩ። እርሳቸው የያዙት አንድ ትንሽ አገልግል ብቻ ነው። ከፍተን ብናይ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ደረቅ አምባሻና የበሶ ዱቄት ኖሯል።

«እማማ፣ ለዘመቻ ነው እንዴ የሚሄዱት?» ብለን ሳቅን።

«ልጆቼ፣ መንገድ አይታወቅም» አሉና ዝም አሉ።

ከቀኑ በ8 ሰዓት ገደማ ገበታው በጽዶቹ ጥላ ሥር ተዘረጋ። የወጡን ዕቃ ስንከፍተው ሽታው የተለወጠ መሰለን፤ ዐይቡም ኮምጥጧል። በዚያች ደቂቃ ወጡን መድፋት ይገባን ነበር። ነገር ግን ለዶሮው የወጣው ገንዘብና ለሽንኩርቱ የፈሰሰው እንባ አሳዘነን፤ ይልቁንም ማፈሩ ከበደን። «የበርበሬው ሽታ ነው» ተባባልንና እንደ ልማዳችን በመጀመሪያ ለልጆቹ አጐረስን። እኛ ግን ስንቀምሰው እጃችንን ሰበሰብን፤ ለልጆቹ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

የዚያን ዕለት ምሳ የበላነው ከእማማ አገልግል ነው። እርሳቸው «አላልኋችሁም?» የሚል ቃል ከአፋቸው አላወጡም፤ ቆሎውን ለየሰዉ በእፍኝ በእፍኝ አደሉን። ማታ ሁለቱ ልጆቻችን ያስመልሳቸውና ያስቀምጣቸው ጀመር። ሌሊቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ሕይወት አድን የሚባለው ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ተሰጣቸው፤ በሦስተኛው ቀንም ዳኑ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ መሰለን።

ምግብ ስለምን ይበላሻል?

በበሰለ ምግብ ላይ ዐይን የማያያቸው ተሐዋስያን ያርፋሉ። እነዚህም ለመርባት ሦስት ነገር ይሻሉ፤ ለብታ፣ እርጥበትና ጊዜ። እኛ በድስቱ ውስጥ ሦስቱንም ሌሊቱን ሙሉ ሰጠናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚሰጠው ምክር የበሰለ ምግብ በቤት ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የሚቆይ ከሆነ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቃዛ ይሁን የሚል ነው። አንዳንዶቹ ተሐዋስያን የሚተዉት መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ የተበላሸውን ወጥ እንደ ገና ማፍላት አያድነውም፤ መድፋት ብቻ ነው።

አያቶቻችን ስለ ተሐዋስያን አልተማሩም፤ መድኃኒቱን ግን ያውቁ ነበር። እርጥበቱን አወጡት። ገብሱን ቆልተው ቆሎና በሶ አደረጉት፤ እንጀራውን በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ፣ ሥጋውን ዘልዝለው በበርበሬና በጨው አሽተው ቋንጣ አደረጉት። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ያን ያህል ረጅም ጎዳና የተጓዘው እንዲህ ያለ ስንቅ በአህያና በበቅሎ አስጭኖ ነው። በእማማ አገልግል የሳቅን እኛ በዚህ ሁሉ ጥበብ ላይ መሳቃችን ኖሯል።

ለሽርሽር የሚሆን

ለሽርሽር የሚመረጠው ምግብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደርቆ የሚሄድ፣ ሁለተኛው በስፍራው የሚሠራ።

ከደረቁ ዳቦ ቆሎን እናስቀድማለን። 4 ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና እንዲሁም 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይደባለቃል። ሩብ ስኒ ዘይት ጨምሮ በእጅ ካሹ በኋላ ጠንከር ያለ ሊጥ እስኪሆን ድረስ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማሸት ነው። ሊጡ እንደ ጣት ቀጥኖ ይድቦለቦላል፤ በሽምብራ ልክ ይቆረጣል፤ በመካከለኛ እሳት በምጣድ ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ቡናማ እስኪሆን ይቆላል። ፈጽሞ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ ከገባ ላብ አውጥቶ ይለሰልሳልና መታገሥ ያስፈልጋል።

በሶ ከዚህም የቀለለ ነው። 2 ስኒ የበሶ ዱቄት፣ ጥቂት ጨውና በርበሬ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና የሚያዋሕደው ያህል ውሃ በስፍራው አሽቶ እንደ እንቁላል እያድቦለቦሉ መብላት ይቻላል። በጾም ቀን በቅቤው ፈንታ ዘይት ይገባል። ለልጆች በርበሬው ቀርቶ ማር ቢሆን ይወዱታል። በኦሮሞ ባልትና የታወቀው ጭኮም የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸበት ነውና ለመንገድ ከሁሉ የሚስማማ ነው።

በስፍራው ከሚሠራው የቲማቲም ፍትፍትን የሚያህል የለም። ለ6 ሰው 8 ቲማቲም፣ 2 ራስ ሽንኩርት፣ 3 ቃሪያና 2 ሎሚ በቤት ታጥበው ሳይቆረጡ ይያዛሉ። ዘይቱ በትንሽ ጠርሙስ፣ ጨው በወረቀት፣ 4 እንጀራ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ከስፍራው ሲደርሱ እጅን ታጥቦ መክተፍ፣ ሎሚውን መጭመቅ፣ እንጀራውን ቆራርሶ መፈትፈት ነው። ሳይቆረጥ የሄደ አትክልት በመንገድ አይበላሽም፤ ልጆችም በሥራው ስለሚካፈሉ ምግቡ ጨዋታ ይሆንላቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ የሚበቃ ንጹሕ ውሃ አይረሳ።

ለማኅበር የሚሆን

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ወይም ጎረቤታሞች በአንድነት ሲበሉ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የምግብ ማነስ ሳይሆን ሁሉም ሰው ሊበላው የሚችለውን ማግኘት ነው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን የእርድ ሥጋ አይበላም። የኦርቶዶክስ ምእመናን ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምሱም። ስለዚህ ብልኅ የቤት እመቤት ገበታዋን በጾም ምግብ ትጀምራለች። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንችና ቀይ ሥር ማንንም ከማዕድ አያርቁም። ሥጋ ቢጨመር ለብቻው፣ በየወገኑ፣ በተለየ ማውጫ ይቀርባል። ከሌላ አገር መጥተው በመካከላችን የሚሠሩ እንግዶችም ይህን ሥርዓት ቢያውቁ ግብዣቸው ማንንም አያስቀይምም።

ለእንዲህ ያለው ገበታ አዚፋ ይስማማል። 2 ስኒ ድፍን ምስር እስኪለሰልስ ይቀቀላል፤ ውሃው ተጠንፍፎ ይበርድና በማንኪያ ጀርባ ጥቂት ይደቈሳል። የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ተፈጭቶ በውሃ የተለወሰ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና ጨው ይገባበታል። የተከተፈው ሽንኩርትና ቃሪያ ሊቀርብ ሲል ይጨመራል፤ አስቀድሞ የገባ እንደ ሆነ ውሃ ያወጣል። አዚፋ በቀዝቃዛነቱ የሚበላ ስለሆነ እንግዳ ቢዘገይ እሳት ማንደድ አያስፈልግም፤ ቢሆንም ጥላ ባለው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

በማኅበር አንዲት ሴት ብቻ ስትለፋ ማየት አይገባም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንዱ ቤት እንጀራውን፣ ሌላው ድፎ ዳቦውን፣ ሦስተኛው አዚፋውን፣ አራተኛው ፍራፍሬውን ቢያመጣ ገበታው ይሞላል። ወንዶችም ውሃ በመቅዳትና ዕቃ በማጠብ ቢካፈሉ ክብራቸው አይቀንስም።

ለተማሪ ቤት የሚሆን

ከሁሉ የሚከብደው የተማሪ ምሳ ነው፤ ሽርሽር በዓመት ጥቂት ቀን ሲሆን ትምህርት ግን በየቀኑ ነውና። በጧት 12 ሰዓት የተዘጋጀው ምሳ የሚበላው በቀትር በ6 ሰዓት ነው፤ በመካከሉ 6 ሰዓት ያልፋል። ከላይ የተናገርነውን የ2 ሰዓት ሕግ ስናስታውስ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል።

ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ያለው ቤት አስቀድሞ የፈላ ውሃ ሞልቶበት ጥቂት ደቂቃ ያቈየው፤ ከዚያ ውሃውን ደፍቶ እየተንፈቀፈቀ ያለ ወፍራም ሽሮ፣ ምስር ወይም የቋንጣ ፍርፍር ይጨምርበት። ለብ ያለ ምግብ በዚህ ዕቃ መክተት ግን ለተሐዋስያን ቤት እንደ መሥራት ይቈጠራል። እንዲህ ያለ ዕቃ የሌለው ቤት ደግሞ ደረቅ ደረቁን ይምረጥ፤ ጨጨብሳ፣ ቂጣ፣ ዳቦ በማር ወይም በለውዝ ቅቤ፣ ቆሎ በለውዝ። እንቁላሉና ወተቱ በቁርስ ጊዜ በቤት ይሰጥ። እንጀራም የሚያዝ ከሆነ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ይጠቅለል።

ከምሳው ጋራ አንድ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ቢጨመር ጥቅሙ ብዙ ነው። በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ የሚቀበለው እንዲህ ካለ ፍራፍሬ ጋራ ሲበላ ነው። ሻይ ግን ከምግብ ጋራ ሲጠጣ ይህንኑ ብረት ስለሚያግድ፣ በልጆች ጠርሙስ የሚገባው ንጹሕ ውሃ ይሁን።

አንድ ነገር እንጨምር። ከመናገሻው ነገር በኋላ የልጃችን ምሳ ዕቃ በየቀኑ ተጠርጎ ባዶውን ሲመለስ «ደኅና በላች» ብለን ደስ ይለን ነበር። ልጅቷ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይርባታል። ብንጠይቃት መጀመሪያ ዝም አለች። በመጨረሻም ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ምሳ እንደማትይዝ፣ በምሳ ሰዓትም «አልራበኝም» እያለች ወደ ውጭ እንደምትወጣ፣ ስለዚህ እየጠራች እንደምታጐርሳት ነገረችን። እኛ ስለ ምግብ መበላሸት ስንመክር፣ እርስዋ ምግብ የተፈጠረበትን ምክንያት ዐውቃ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦው ሁለት፣ ቆሎውም ሁለት እፍኝ ሆነ፤ ስለ ሌላዋ ልጅ ግን ማንም ምንም አልተናገረም።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ የማቅረቡ ሥራ በስፋት መካሄዱ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ታላቅ ዕረፍት ነው። ልጆች ምሳቸውን ከቤት በሚይዙበት ትምህርት ቤት ግን ወላጅ ሁሉ ምሳ ዕቃውን ሲሞላ የሌላውን ሰው ልጅ ጭምር ያስብ።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ በሚመጣው እሑድ ወደ እንጦጦም ሆነ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ለመውጣት ያሰባችሁ እንደ ሆነ ምክራችን አጭር ነው። ደረቁን ያዙ፤ እርጥቡን በስፍራው ሥሩ፤ የተጠራጠራችሁትን ሳታፍሩ ድፉ። ከሚበቃችሁም ላይ አንድ እፍኝ ጨምሩ። እማማ ዛሬም ከእኛ ጋራ ለሽርሽር ይወጣሉ፤ አገልግላቸውንም ከግድግዳ አውርደን የምንሸከመው እኛ ነን።