እንዶድ፦ ከአድዋ ወንዝ እስከ ጀርመን ቤተ ሙከራ

ስለ አገራችን መድኃኒትነት ያላቸው ዕፀዋት በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር መስማት የተለመደ ነው። አንደኛው «አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ፈረንጅ ሰረቀን» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሥራ ሥርና ቅጠል ኋላ ቀርነት ነው፤ መድኃኒት የሚመጣው ከፋብሪካ ነው» ይላል። ሁለቱም ተናጋሪውን ከሥራ ነጻ ያወጣሉ። ለመጀመሪያው ሁሉም ነገር ተሠርቶ አልቋል፤ ለሁለተኛው የሚሠራ ነገር የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዶድን ምሳሌ በማድረግ አንድ ዕውቀት ከወንዝ ዳር ተነስቶ ለሕዝብ የሚጠቅም ምርት እስኪሆን ድረስ ምን ምን ደረጃ እንደሚያልፍና እኛ የቱ ላይ እንደቆምን ማሳየት ነው። ጸሐፊው በሙያው መሐንዲስ እንጂ የዕፀዋት ሊቅ አይደለም፤ ሆኖም ጥያቄው በከፊል የምሕንድስና ጥያቄ መሆኑን አንባቢ ከታች ይመለከታል። (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ አጥር ላይ እየተጠላለፈ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ አንዶዴ ይሉታል። ሳሙና በየሱቁ ከመግባቱ በፊት እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠውና በውኃ ዘፍዝፈው ሸማ ያጥቡበት ነበር። በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት አድዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳርቻ ከሌላው ክፍል ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ሌላው አይቶ ያለፈውን እርሳቸው ለምን ብለው ጠየቁ።

የቀንድ አውጣ መሞት ለምን ያስደስታል? ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው ትሉን በ1851 ካይሮ ውስጥ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የትሉ እንቁላል በሕመምተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት አማካይነት ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ግን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ቀንድ አውጣው ውስጥ ተራብቶ ሲወጣ ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባና አንጀትን፣ ጉበትን ወይም የሽንት ፊኛን ለዓመታት ይጎዳል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው የሰንሰለቱ መካከለኛ ቀለበት ነው፤ እርሱ ከተበጠሰ በሽታው መንገድ ያጣል።

ሳይንሱ ምን አለ?

የእንዶድ ፍሬ ኃይል ሳፖኒን ከሚባሉ ውሕዶች ይመነጫል። አረፋ የሚሰጡት፣ እድፍ የሚያስለቅቁትና የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሱት እነዚሁ ናቸው። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋናውን ውሕድ ለይተው ለአክሊሉ ለማ ክብር «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይህን ጸሐፊ ያስደነቀው ሌላ ነገር ነው። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ የሚገኘው በሁለት በኩል ስኳር ተጣብቆበት፣ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል በሌለው መልክ ነው። ፍሬው ሲወቀጥና በውኃ ሲዘፈዘፍ የራሱ የተክሉ ኢንዛይም አንዱን የስኳር ክፍል ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። በቤተ ሙከራ በሜታኖል ቢወጣ ኢንዛይሙ ሥራውን ስለማይሠራ የሚገኘው በአብዛኛው ኃይል የለሹ ዓይነት ነው። መውቀጡና መዘፍዘፉ እንግዲህ የኬሚካል ሂደት ነበር፤ እናቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ሥርዓቱን በትክክል ይፈጽሙት ነበር። የቻይናዋ ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት የወባ መድኃኒትም ታሪክ ይመሳሰላል፤ እርሳቸውም ከጥንታዊ መጽሐፍ ተነስተው ተክሉ በሙቀት መውጣት እንደሌለበት ሲረዱ ነው ውጤት ያገኙት።

የአድዋው ሙከራ

ዶ/ር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ከ1969 እስከ 1974 የአድዋን ወንዞች በእንዶድ አከሙ። በከተማው የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማወዳደር «ዓይነት 44» የተባለውን ኃይለኛና ምርታማ ዝርያ መረጡ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች አፍሪካ ውስጥ የተሠራውን የመርዛማነት ምርመራ በቂ ነው ብለው አልተቀበሉትም፤ በምዕራባውያን ቤተ ሙከራዎች እንዲደገም ሲጠየቅ፣ ለዚያም ገንዘብ ሲፈለግ ረጅም ዓመታት አለፉ። ዶ/ር አክሊሉ ይህን ጉዳይ እስከ ዕለተ ሞታቸው (1997) በምሬት ሲናገሩ ነበር። በሌላ በኩል እንዶድ የራሱ ድክመት አለው፦ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ መደጋገም ይፈልጋል። ዓሣ ይገድላል። ለሰውም የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም። ተወዳዳሪም ነበረው፤ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ኒክሎሳማይድ የተባለ ቀንድ አውጣ ገዳይ ቀድሞ ገበያ ላይ አውሎ ነበር። ቀጥሎም ባየርና የዳርምሽታቱ ሜርክ በ1970ዎቹ ትሉን በሰው አካል ውስጥ የሚገድለውን ፕራዚኳንቴልን አወጡ።

እዚህ ላይ የምኖርበትን የሳክሰንሃውሰንን ሰፈር ላንሳ። ብዙ ሰው ይህን ሰፈር የሚያውቀው በፖም ጠጁ ነው። ነገር ግን በ1906 የተከፈተው የጌኦርግ ሽፓየር ቤት የተባለው የምርምር ተቋም እስከ ዛሬ እዚሁ ይገኛል። ገንዘቡን የሰጠችው የአንድ የባንክ ባለቤት መበለት ፍራንሲስካ ሽፓየር ናት። ተቋሙን የመራው ፓውል ኤርሊኽ ነው። በ1909 ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ የ606ኛውን ውሕድ በቂጥኝ ላይ ያለውን ኃይል አረጋገጠ፤ በ1910 በዚያው ከተማ ዳርቻ ያለው የሄክስት ፋብሪካ «ሳልቫርሳን» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ለጋሽ፣ ቤተ ሙከራ፣ ፋብሪካና ሐኪም ቤት፣ ሁሉም በአንድ ከተማ። ከግኝት እስከ ገበያ የፈጀው አንድ ዓመት ገደማ ነው!

ከዚህ ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሜርክም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኛው ኮሶ አበባ «ኮሲን» የተባለውን ንጥረ ነገር አጣርቶ ያወጣ ነበር። ተክሉ የኛ፣ ዕውቀቱም የኛ ነበር፤ ያልነበረን መሀል ያለው ድልድይ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የባለቤትነት ጉዳይ

በ1990 ዶ/ር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ለመቀበል ወደ ኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ወቅት እንዶድ የሰሜን አሜሪካን ሐይቆች የወረረውንና የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንደሚገድል ተረጋገጠ። የፓተንቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ። በዚያን ጊዜ አገራችን የምትከራከርበት ሕግ አልነበራትም። ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992 ነው፤ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ1998 በኛ አቆጣጠር ወጣ። የጤፍን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መሰረዙም የሚያጽናና ነው። ሆኖም ሕግ ሌባን ይከለክላል እንጂ ምርት አያመርትም።

ምን ይደረግ?

ፕራዚኳንቴል ዛሬ በነጻ በብዛት ይታደላል። ነገር ግን የዳነው ሕፃን ነገ ወደዚያው ወንዝ ሲገባ እንደገና ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከመድኃኒቱ ጋር መጣመር እንዳለበት ያሳስባል። እንግዲህ የእንዶድ ጊዜ አላለፈም። ለሙያ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ውጤቱ በዓለም ተቀባይነት ያለው የመርዛማነት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ ያስፈልጋል፤ ይህ የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የመዝገብ አያያዝና የጥራት ቁጥጥር ሥራ ነው፣ በውጭ የምንኖር ብዙዎቻችንም በየቀኑ የምንሠራው ነው። ሁለተኛ፣ የእንዶድ ዱቄት ኃይል ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ የተመረጠ ዘርና የተወሰነ አዘገጃጀት ያለው ምርት መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ገዥ ያስፈልጋል። በወንጂና በፊንጫ እንደታየው የመስኖ ቦይ የቀንድ አውጣ መኖሪያ ይሆናል። ግድብና ቦይ የሚነድፍ መሐንዲስ የቀንድ አውጣ መከላከያን በንድፉና በበጀቱ ውስጥ ቢያስገባ ለእንዶድ የመጀመሪያው ገበያ ተፈጠረ ማለት ነው።

ዶ/ር አክሊሉ የመጀመሪያውንና ከባዱን ቀለበት ሠርተውልናል። አዲስ አበባ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ስሙን ካከበርን የቀሩትን ቀለበቶች መሥራት የኛ ድርሻ ነው።

ቸር ይግጠመን።